በደም ውስጥ የቀረ ባል

ኢብሮ ሲቀና መጀመሪያ የሚያውቀው ባጃጁ ነው። ሞተሩ ያለ ምክንያት ያጓራል፣ ፍሬኑ ያለ ቦታው ይያዛል፣ ተሳፋሪው መውረጃው ሳይደርስ «ወራጅ አለ» ብሎ በእግሩ መሄድን ይመርጣል። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ባጃጅ የሚነዳ ሁሉ ያልበዋል፤ ኢብሮን የሚያልበው ግን የቆላው ፀሐይ ብቻ አይደለም። ከመናኸሪያ ገበያ፣ ከገበያ መናኸሪያ ሲመላለስ ዓይኑ አስፋልቱ ላይ፣ ልቡ የቤቱ ደጃፍ ላይ ነው።

ይህ ጠባይ ከአሁኗ ሚስቱ ከፈሪሃ ጋር የመጣ እንዳይመስላችሁ። ከእሷ በፊት ከዲጃ ነበረች። ከዲጃ ቲማቲም ትሸጣለች፣ ሳቅም ትወዳለች፤ ቲማቲም ደግሞ ፊት አጥቁሮ አይሸጥም። ኢብሮ ባጃጁን ከገበያው ማዶ ጥላ ሥር አቁሞ፣ ማን ብዙ እንደመረጠ፣ ማን ሳይገዛ ቲማቲሙን ጨመቅ ጨመቅ አድርጎ እንደሄደ ይከታተል ነበር። አንድ ቀን ትዕግሥቱ አለቀና አንዱን መራጭ «አንተ ሰውዬ፣ የምታየው ቲማቲሙን ነው ሴትዮዋን?» ብሎ አንገቱን አነቀው። ሰውየው ለሠርጉ መድረስ ያልቻለ የከዲጃ አጎት ነበር፤ ትውውቃቸው በዚሁ ሆነ። ከዲጃ በዚያው ሳምንት ጓዟን ሰብስባ አጣዬ እህቷ ዘንድ ሄደች፤ እስከ ዛሬም እዚያው ናት።

ፈሪሃን ያመጣት ከማጀቴ ነው። እሷም ፈት ነበረች፤ ካሚል ከሚባል የማሾ ነጋዴ ጋር ጥቂት ዓመት ኖራ ተለያይታለች። ለምን እንደተፋቱ ሲጠይቃት «አልተስማማንም» ብቻ ብላዋለች። ኢብሮ በዚህች ቃል ላይ ብዙ ነዳጅ አቃጠለ። ያልተስማሙት በምን ነው? ከመጣላታቸው በፊትስ ምን ያህል ተስማምተው ነበር? ካሚልን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ያላዩት ሰው ለቅናት እጅግ ይመቻል፤ ቁመቱን እንደ ልብ ያስረዝሙታል፣ ጥርሱን እንደ ልብ ያነጡታል። በኢብሮ ራስ ውስጥ ካሚል በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያደገ ይሄድ ነበር።

ፈሪሃ ሱቅ ደርሳ ስትመለስ «ባለሱቁ ምን አለሽ?» ይላታል። ውኃ ቀድታ ስትመለስ «ቦኖው ጋ ማን ነበር?» ይላታል። ችላ ችላ አንድ ቀን ከፊቱ ቁጭ አለች።

«ኢብሮ፣ ስማኝ። የከዲጃን ነገር ሰው ነግሮኛል። አንተ ክፉ ሰው አይደለህም። እኔ ግን እንደ ሌባ እየተጠበቅሁ አልኖርም። ከኋላዬ ስትመጣ ባገኝህ፣ ማጀቴ ሩቅ አይደለም።»

«ወላሂ አልከተልሽም።»

«አትማል። አትከተለኝ ብቻ።»

እሱም አልተከተላትም። ቤቱ ዳግም እንዳይፈርስ ፈርቶ፣ ምላሱን ነክሶ፣ ለወራት እንደ ሰው ኖረ።

ያንን ሰላም ያፈረሰው ጁነይድ ነው። ጁነይድ መናኸሪያው በር ላይ አብሮት ተራ የሚጠብቅ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ሰው ከማድረስ ይልቅ ወሬ ማድረስ ያስደስተዋል።

«ሚስትህ ተሻላት?» አለው።

«ማን? ፈሪሃ?»

«ሌላ አለችህ እንዴ? ዛሬ ጠዋት ክሊኒክ አደረስኳት፤ ያ ማንጎ ዛፍ ያለበት ግቢ። ባለፈው ሳምንትም እኔው ነኝ ያደረስኳት።»

«አዎ፣ ትንሽ አሟት ነው» አለ ኢብሮ፣ እንደሚያውቅ ሆኖ።

«መድኃኒቱ እዚያው ነው። ዮሴፍ የሚሉት የላብራቶሪ ልጅ አለ። ሴቱ ሁሉ እሱ ካልወጋን ይላል። እጁ ቀላል ነው አሉ።»

ሮቢት የወባ አገር ስለሆነች ሰው ጣቱን ሳይወጋ ዓመት አይዞርም። ፀጉር ቆራጭ እንደሚመረጥ ሁሉ የሚወጋም ይመረጣል። «የእገሌ እጅ ይከብዳል፣ የእገሌ እጅ ይቀላል» ማለት የተለመደ ወሬ ነው። ኢብሮ ራሱ ስንት ጊዜ ብሎታል። ያን ቀን ግን «እጁ ቀላል ነው» የሚለው ነገር ጆሮው ውስጥ ገብቶ እንደ ትንኝ ሲዞር ዋለ።

ማታ ቤት ሲገባ ፈሪሃ እጅጌዋን ሰብስባ ሽንኩርት ትከትፋለች። በክንዷ መታጠፊያ ላይ ጥጥ በፕላስተር ተለጥፏል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ትኩሳት ቢጤ ተሰምቶኝ ወባ ልታይ ሄጄ ነበር። የለብሽም አሉኝ።» እጅጌዋን ወደ ታች ሳበችው።

ኢብሮ እጅጌዋን አየ። ወባ የሚታየው ከጣት በሚወሰድ ደም ነው፤ ይህን የሮቢት ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ታዲያ ከክንድ ምን ተፈለገ? ያ ልጅ ጣቷ አልበቃ ብሎት ነው ወደ ክንዷ የወጣው? ነገስ ወዴት ሊደርስ ነው?

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ጠላው። ሚስቱን ላይከተል ምሏል፤ ክሊኒኩን ግን አልከተልም አላለም። ስለዚህ ወደ ማንጎው ግቢ የሚሄድ በሽተኛ ሁሉ የእሱ ሆነ። ተራውን ዘሎ ይጭናል፣ እስኪጨርሱ ይጠብቃል፣ ሲመለሱ በጥያቄ ያጣድፋቸዋል። አንድ ጠዋት የጫናቸው እትዬ ሐረገወይንን ነበር፤ በዋናው መንገድ ዳር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ሆዳቸውን የሚያማቸው ሴት ናቸው።

«እትዬ፣ የላብራቶሪው ልጅ እንዴት ነው?» አላቸው ሲመለሱ።

«እንዴት ነው ማለት?»

«መልኩ፣ ሁኔታው።»

«በጠዋት ሰገራዬን በዕቃ ይዤ የሄድኩ ሴትዮ መልኩን ቀና ብዬ ልየው?» አሉ እትዬ ሐረገወይን። «ብቻ ጨዋ ነው። የሰጠሁትን እንደ ማር በሁለት እጁ ነው የተቀበለኝ።»

«ረጅም ነው?»

«ምነው ኢብሮ፣ ልትድረው ነው?»

«እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁማ አይደለም። ወይ እሱን ተመልከት ወይ መንገዱን፤ ሆዴን አታንገጫግጨው።»

በሁለት እጁ ይቀበላል። ይህም ወደ ትንኙ ተጨመረ።

በመጨረሻ ኢብሮ ሰውየውን በዓይኑ ሊያይ ቆረጠ። ፈሪሃ ያን ጠዋት «ነኢማ ጋ ሄጄ በርበሬ ልቀነጥስ ነው» ብላዋለች። ነኢማ ሰፈሩ ዳር የምትኖር ጓደኛዋ ናት፤ ከእሷ ጋር በርበሬ ከተያዘ እስከ ቀትር አይነሱም። ጊዜው ምቹ ነው ብሎ ለዒድ የገዛውን ሸሚዝ ለበሰ። ሽቶም ረጨ፤ ከዚያ የረጨው ያነሰ መስሎት ደገመው። እንዲህ ሆኖ ወባ ሊመረመር ሄደ።

ሐኪሙ «ምን ይሰማሃል?» አለው።

«ውስጤ ይቃጠላል።»

ይህ ውሸት አልነበረም። ሙቀት መለኪያው ምንም አላገኘም፤ ሐኪሙ ግን አገሩን ስለሚያውቅ ወደ ላብራቶሪ ላከው።

ላብራቶሪው ከመተላለፊያው ጫፍ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ጠረጴዛው ላይ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ የተደረደሩ ቀጫጭን መስታወቶች፣ ጥግ ላይ ሙቅ አየር ወዲያና ወዲህ የሚያመላልስ ቬንትሌተር። ዮሴፍ ከማይክሮስኮፑ ቀና ሲል ኢብሮ ክው አለ። አጭር ነው። ፀጉሩ ከፊት መሸሽ ጀምሯል። መነጽሩ በላብ ወደ አፍንጫው ጫፍ ተንሸራቷል። ኢብሮ አንድ ግዙፍ መልከ መልካም ሊጠላ ተሰናድቶ መጥቶ ነበር፤ ይህን ሰው ከየት ጀምሮ እንደሚጠላው ቸገረው። ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣበት። በመልክ ካልሆነ በምን ያዛት? በዚያ በእጁ ነው ማለት ነው። ያ ደግሞ ባሰ።

«ቁጭ በል ወንድሜ» አለ ዮሴፍ። የቀለበት ጣቱን ይዞ አሻሸው፣ በአልኮል ጠረገው፣ ሌላ ቦታ እያየ እንደ ዋዛ ወጋው። ኢብሮ መወጋቱን ያወቀው ደሙን ሲያይ ነው። እጁ እውነትም ቀላል ነው። ለኢብሮ ከዚህ የከፋ ማስረጃ አልነበረም።

ዮሴፍ ጣቱን ጨመቅ አድርጎ ጠብታውን ወደ መስታወቱ ሲያስጠጋ በሩ ተከፈተ። ፈሪሃ ናት።

ባልየው በዒድ ሸሚዙ፣ ሽቶው ክፍሉን ሞልቶት፣ እጁ በዮሴፍ እጅ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

«ተከትለኸኝ ነው» አለች።

«ወላሂ ቀድሜሽ ነው የመጣሁት።»

ይህ እውነት ነበር። እሱም ነፍስ ዘራ። «በርበሬ ትቀነጥሺ አልነበር?»

«አንተስ ለወባ ሽቶ ትቀባለህ?»

«ይቅርታ» አለ ዮሴፍ፣ «ደሙ እየደረቀ ነው።» ጠብታውን መስታወቱ ላይ ዘረጋው። ከዚያ ሁለቱንም አየ። «ባለቤትሽ ነው?»

«ነው» አለች ፈሪሃ፤ «ለዛሬ።»

ኢብሮ «ለዛሬ» የምትለዋን ሲሰማ ማጀቴ ከዚያች በር ውጪ ቆማ የምትጠብቃት መሰለው።

«እስካመጣው የጠበቅከው ሰው ይኸው» አለችው ለዮሴፍ። «ራሱ መጥቶልሃል። ንገረው።»

«እኔ አልናገርም። ነገሩ ያንቺ ነው፤ አንቺ ከፈለግሽ ንገሪው።»

ፈሪሃ በሩን ዘግታ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስትናገር ኢብሮን ሳይሆን ግድግዳውን ነበር የምታየው።

«አርግዣለሁ። ቆይ፣ እስክጨርስ ዝም በል። ማጀቴ እያለሁ የመጀመሪያው ጽንስ ከገፋ በኋላ ወረደብኝ። ሁለተኛው ተወለደ። ወንድ ነበር። በማግስቱ ዓይኑም ገላውም ቢጫ ሆነ፤ ሳምንት አልቆየም። የካሚል እናት ስለ እኔ ሾተላይ አለባት፣ ልጅ አታሳድግም አሉ። ካሚልም ፈታኝ። አልተስማማንም ያልኩህ ይሄ ነው። እዚህ መጥቼ ስመረመር ዮሴፍ ያለመስማማቱ የደም ነው አለኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ሾተላይ አለብኝ ስልህ እንደ ካሚል ብትፈታኝስ? አርግዣለሁ ስልህ ደግሞ የማን ነው ብትለኝስ?»

ኢብሮ የመጨረሻውን ጥያቄ አልጠይቅም ብሎ ለመማል አንደበት አላገኘም፤ መጠየቁ እንደማይቀር ራሱም ያውቀዋል።

ዮሴፍ ጉሮሮውን ጠረገ። «የእሷ ደም ኔጌቲቭ የሚባለው ነው። የፊተኛው ባሏ ፖዘቲቭ ነበር፤ ልጆቹም የእሱን ወሰዱ። በወሊድና በውርጃ ጊዜ የልጆቹ ደም ወደ እሷ ሲገባ ሰውነቷ ባዕድ ነው ብሎ መዋጊያ ሠራበት። ያ መዋጊያ ነው ሁለተኛውን ልጅ የጎዳው። ደሟን ደብረ ብርሃን ልከን ነበር፤ አሁንም አለ።»

«አሁንም አለ?»

«አለ።»

«የካሚል?»

«የካሚል አይደለም። በእሱ ወገን የመጣ እንጂ ራሷ የሠራችው ነው።»

«መቼ ይወጣል?»

«አይወጣም። ዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል።»

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ስለ ልጁ ያስብ ነበር። ኢብሮም ያሰበ ይመስለዋል። ልቡ ግን ካሚል ዘንድ ነበር። እሱ ይህን ሁሉ ጊዜ ካሚልን በሱቅ፣ በቦኖ፣ በስልክ ሲፈልገው፣ ሰውየው ለካ ከቤቱ ወጥቶ አያውቅም። እዚያው በሚስቱ ደም ሥር ውስጥ፣ ክንዷ ላይ ከነበረችው ጥጥ ሥር ተቀምጧል። ከማጀቴ የመጣ ሰው በአጥር ቢገባ በአጥር ይባረራል፤ ከደም በምን ይባረራል?

«እና ታስታውሰዋለች» አለ ቀስ ብሎ።

«ማስታወስ አይደለም» አለች ፈሪሃ። «ሰውነቴ ሊገድለው ነው የሚፈልገው።»

«ሰው ያላስታወሰውን እንዴት ሊገድል ይነሳል?»

ዮሴፍ መነጽሩን አውልቆ በጋዋኑ ጫፍ ጠረገ። የብዙ ሰው ደም አይቷል፤ በዚህ የሚቀና ሲያይ ግን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። «ወንድሜ፣ ዋናው ነገር የአንተ ደም ነው። አንተ ፖዘቲቭ ከሆንክ ጽንሱ የአንተን ሊወስድ ይችላል፤ እሷም ትዋጋዋለች። ያኔ ትልቅ ሆስፒታል የቅርብ ክትትል ያስፈልጋታል፣ አደጋም አለው። ኔጌቲቭ ከሆንክ ግን ልጁም እንደ እናቱ ነው፤ የሚዋጉት ነገር የለም። አምጪው ስላት ቆየሁ።»

ኢብሮ የተወጋውን ጣቱን ራሱ ዘረጋ። ዮሴፍ እንደገና ጨመቀውና መስታወቱ ላይ ሦስት ጠብታ ለየብቻ አኖረ። ከትንንሽ ብልቃጦች በአንዱ ላይ ሰማያዊ፣ በአንዱ ላይ ቢጫ፣ በሦስተኛው ላይ እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ጠብ አደረገ። በስንጥር ለየብቻ አማሰላቸውና መስታወቱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ያዘነብለው ጀመር።

ሰማያዊው ያለበት ጠብታ ወዲያው ተበጣጠሰ፤ እንደ ተናጠ እርጎ ቅንጣት ቅንጣት ሆነ። ኢብሮ ደነገጠ።

«ተበላሸ?»

«ይሄ የደም ዓይነትህን ነው የሚነግረን፤ ኤ ነህ። ለእሷ የሚሆነው ያኛው ነው፣ ዳር ያለው።»

«መርጋቱ ነው ደጉ፣ አለመርጋቱ?»

«አለመርጋቱ።»

ሦስቱም ጎንበስ አሉ። ፈሪሃ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ነው። ኢብሮ ጠብታውን እንደ ሰው አየው። በሕይወቱ ብዙ ነገር አፍጥጦ ጠብቋል፤ ምንም እንዳይሆን ብሎ የጠበቀው ይህን ብቻ ነው። ዮሴፍ መስታወቱን ወዲህ ሲያዘነብል ደሙ ወዲህ ፈሰሰ፤ ወዲያ ሲያዘነብል ወዲያ። ልስልስ እንዳለ ቀረ። ዮሴፍ በሌላ መስታወት፣ በሌላ ጠብታ ደገመው። እሱም ልስልስ አለ።

«ኔጌቲቭ» አለ። «ለማረጋገጥ ደብረ ብርሃንም እንልከዋለን፤ ክትትሏንም አታቋርጥም። ግን እኔ የማየው ኔጌቲቭ ነው። ወባህን ገና አላየሁም፣ ለነገሩ።»

«አልሀምዱሊላህ» አለች ፈሪሃ፤ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ኢብሮ እጁን ወደ ትከሻዋ ሰደደ። እዚያ ላይ ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ ባማረ ነበር።

«ስለዚህ የእኔን ደም ምንም አትለውም?» አለው ዮሴፍን።

«ምንም። መኖሩንም አታውቅም።»

«የካሚልን ግን ታውቀዋለች።»

ፈሪሃ ቀና አለች። እጁን ከትከሻዋ ላይ አነሳችና መልሳ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት፤ የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚመለስ።

«ልጅህ እንደሚተርፍልህ ተነገረህ፣ ኢብሮ። አንተ ግን አሁንም ከእሱ ጋር ነህ።»

ተነሥታ ወጣች።

ኢብሮ በሩ ድረስ ሄዶ ቆመ። ቢሮጥ መከተል ይሆናል። ባይሄድ ትሄዳለች። ዮሴፍ «ምን ትጠብቃለህ?» ቢለው «አትከተለኝ ብላኛለች» አለ። ዮሴፍ አንዳንድ በሽታ በመስታወት እንደማይታይ ገብቶት ወደ ማይክሮስኮፑ ተመለሰ።

ወደ ግቢው ሲወጣ ፈሪሃ ባጃጁ ውስጥ፣ ከኋላ፣ እንደ ተሳፋሪ ተቀምጣለች።

«ወዴት ነው?» አለ፣ ድምፁ ቀጭን ሆኖ።

«መናኸሪያ።»

አስነሣና ነዳ። መናኸሪያ ማለት የማጀቴ መኪና ማለት ነው። አስፋልቱ ይተናል፣ የሽንኩርት ጭነቶች በአጠገባቸው ያልፋሉ፣ እሱ እንደ ቀብር አጃቢ ቀስ እያለ ይሄዳል። ዞሮ ማየት ፈራ፤ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ መናገር ጀመረ።

«ወባ አልነበረም። ዮሴፍን ላየው ነው የመጣሁት። ሽቶውም ለእሱ ነው፤ ማለቴ እንዳይበልጠኝ። እትዬ ሐረገወይንን ስለ ቁመቱ ጠይቄያቸዋለሁ። አሁን ደግሞ በካሚል እየተቃጠልኩ ነው፣ ስለ ልጄ እየነገራችሁኝ። አውቀዋለሁ እብደት እንደሆነ። ሳልጠራው ነው የሚመጣው። ምን እንደማደርገው አላውቅም።»



መናኸሪያው በር ላይ ሲቆም የማጀቴው መኪና ረዳት «አጣዬ፣ ካራቆሬ፣ ማጀቴ፣ ሁለት ሰው የቀረው» እያለ ይጮኻል። ፈሪሃ አልወረደችም። አልተንቀሳቀሰችምም።

«አንድ ነገር እነግርሃለሁ» አለች። «ሲመጣብህ እኔን ጠይቀኝ። ባለሱቁን አይደለም፣ ጁነይድን አይደለም፣ ሆዷን የሚያማትን ሴትዮ አይደለም። እኔን፣ በፊቴ። እኔም እውነቱን እነግርሃለሁ። እውነቱን መስማት ካልቻልክ ግን ያ መኪና ሁለት ሰው ቀርቶታል።»

ኢብሮ መሪውን ጨበጠው። ረዳቱ «አንድ ሰው የቀረው» አለ።

«ካሚልን ትወጂው ነበር?» አለ።

«መጀመሪያ ላይ፣ አዎ።»

ይህች መልስ ከየትኛውም መርፌ ይልቅ ወጋችው። ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠ። ሰማዩ አልወደቀም። ባጃጁም ቆሟል። ፈሪሃም ከኋላው አለች።

«ሌላ ጥያቄ አለህ?»

«ብዙ አለ።»

«እንግዲያው ወደ ቤት ንዳ» አለች፤ «እዚህ ሰው ይሰማል።»

እዚያው አጠገባቸው ጁነይድ ከራሱ ባጃጅ ወርዶ፣ በጎማው አጠገብ ተንበርክኮ፣ ምንም ያልሆነውን ጎማ እያየ ነበር። ኢብሮ ሞተሩን አስነሣና ባጃጁን ወደ ቤት አዞረው።